ከሶፋ ሲወርድ የተሰበረው መንጋጋ

ቡቺ ከሶፋ ወረደ። የሆነው ይኸው ነው። በቀን አሥር ጊዜ የሚያደርገውን ነገር ነው ያደረገው። ሶፋው ከጉልበቴ አይደርስም። ወለሉም ምንጣፍ ነው። መሬት ሲነካ ግን አንድ አጭር ጩኸት አሰማና ዝም አለ። ቀና ሲል የታችኛው መንጋጋው ወደ ቀኝ ተጣሞ ተንጠልጥሏል። ከለሃጩ ጋር ደም ይንጠባጠባል።

ባለፈው የካቲት ነው፣ እሁድ ማታ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ 3 ሳምንት ሆኗት ነበር። ቡቺ ዮርክሻየር ቴሪየር ነው፤ እዚህ ሰው ዮርኪ ብሎ ያሳጥረዋል። 9 ዓመቱ ነው። ክብደቱ 3 ኪሎ ከምናምን። ቡቺ ያልኩት እኛ ሰፈር ትንሽ ውሻ ሁሉ ቡቺ ስለሚባል ነው።

እጄን ወደ አፉ ስሰድ እማዬ ከኋላዬ ጮኸች። «እንዳትነኪው! አፉ የወረደ ውሻ አይነካም!»

ይህ የአባቴ ሕግ ነው። ልጆች ሳለን አባዬ ደጋግሞ ይለን ነበር፦ መንጋጋው ተንጠልጥሎ ለሃጩ የሚዝረበረብ ውሻ ስታዩ፣ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብላችሁ እንዳትጠጉ። ልክ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ሁሉ እየሮጠ አይናከስም። አንዳንዱ ዝም ይላል፣ ጥግ ይይዛል። የመንጋጋውና የጉሮሮው ጡንቻዎች ሽባ ሲሆኑ አፉ ይከፈታል። መዋጥ ስለሚያቅተው ምራቁ ይፈሳል። ያየው አዛኝ ሰው እጁን ይሰድለታል። ቫይረሱ ያለው ደግሞ እዚያ ምራቅ ውስጥ ነው። አገር ቤት ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ እለምናችኋለሁ፣ መከተቡን የማታውቁትን ውሻ አፍ አትንኩ። ከተነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስል ላይ ካረፈባችሁ ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ቡቺ ክትባቱ የተሟላ ነው። አፉም ቀጥ ብሎ አልነበረም የወረደው፤ ወደ አንድ ጎን ነው የተጣመመው። ቢሆንም የታመመ ውሻ ባለቤቱንም ይነክሳል። በፎጣ ጠቀለልኩት። መንጋጋውን ለማስተካከል አልሞከርኩም። ከቤት ያለ የሰው መድኃኒትም አልሰጠሁትም። እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ኢቡፕሮፌን ለውሻ መርዝ ነው። እማዬ ጋቢዋን ደርባ ከኋላ ወንበር አቀፈችው። ውሻ አቅፋ ስታውቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ድንገተኛ ክፍል የነበረችው ሐኪም መጀመሪያ መንጋጋውን አላየችም። አተነፋፈሱን አየች። ደረቱን አዳመጠች። ድዱን ተጭና ደሙ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ተመለከተች። ጭንቅላቱ ተመትቶ እንደሆነ ዓይኖቹን በመብራት አየች። ከዚያ የሕመም ማስታገሻ ወጋችው።

«መኪና ገጭቶት ነው?» አለችኝ።

«ከሶፋ ወርዶ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሩን በጎን በኩል በቀስታ ገለጠች። ሽታው ክፍሉን ሞላው። «ይህ ሽታ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የውሻ አፍ ሽታ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

በማግስቱ የእንስሳት ጥርስ ስፔሻሊስት ዘንድ ሄድን። ዶክተሯ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ቡቺን አደንዝዛ ራጅ አነሳችውና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። የታችኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ይታያል። ሁለት ሥር አለው። በሥሮቹ ዙሪያ ነጭ መሆን የነበረበት ጥቁር ነው። አጥንት የለም። ከሥሩ ጫፍ በታች፣ በመንጋጋው ጠርዝ ላይ፣ ክር የምታህል ነጭ መስመር ቀርታለች። እሷም ተበጥሳለች።

«ሶፋው አይደለም የሰበረው» አለችኝ። «ለዓመታት ሲሳሳ ቆይቷል። ሶፋው የመጨረሻዋን ክር ነው የበጠሳት።»

ያን ቀን ያስረዳችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ውሻ 42 ቋሚ ጥርስ አለው። በግ የሚያህለውም፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባውም ያው 42 ነው። ዘር እየተመረጠ ውሻው ሲያንስ ጥርሱ በዚያው ልክ አላነሰም። ስለዚህ ትንሽ ውሻ አፍ ውስጥ ጥርሶቹ ተጨናንቀው ይቆማሉ። የዮርኪ ትልቁ የታች ጥርስ ሥሮች የመንጋጋውን ቁመት ሊጨርሱ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ትልቅ ውሻ ከሥሩ በታች ወፍራም አጥንት ይተርፈዋል። ዮርኪ አይተርፈውም። በሥሩ ዙሪያ ያለው አጥንት ከተበላ መንጋጋው የሚቆምበት ምሰሶ የለውም ማለት ነው። ያኔ መዝለል አይደለም፣ ደረቅ ምግብ መቆርጠም ይሰብረዋል።

አጥንቱን የሚበላውስ ምንድን ነው? ጥርስ ላይ በየቀኑ ቀጭን የባክቴሪያ ሽፋን ይለጠፋል። በጣት ሲነኩት ያሟልጫል። ካልተጠረገ ከምራቁ ማዕድን እየወሰደ በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ መደንደን ይጀምራል። ታርታር የምንለው እሱን ነው። የውሻ ምራቅ ከእኛ ይልቅ አልካላይን ነው። ለዚህም ነው የውሻ ጥርስ እንደ እኛ ቶሎ የማይቦረቦረው፤ ታርታሩ ግን ቶሎ ይጋገራል። እኛ የምናየውና የሚያስጠላን ቡናማው ቅርፊት ነው። ጉዳቱ ያለው ከእሱ በታች ነው። ባክቴሪያው በድዱና በጥርሱ መካከል ሰርጎ ይወርዳል። ሰውነት ሊከላከል ይነሳል። በዚህ ውጊያ መካከል ጥርሱን የያዘው ጅማትና አጥንት አብሮ ያልቃል።

ሐኪሞቹ በ4 ደረጃ ይከፍሉታል። አንደኛው ድድ መቅላትና መድማት ብቻ ነው። እሱ ይድናል። ከሁለተኛው ጀምሮ ጥርሱ ድጋፉን ያጣል፣ ያጣውንም በራሱ አይተካም። ሩብ እስኪጎድል ሁለተኛ፣ እስከ ግማሽ ሦስተኛ፣ ከግማሽ ሲያልፍ አራተኛ። ዶክተሯ ሚሊ ሜትር የተጻፈበት ቀጭን ዘንግ አላት። በድድና በጥርስ መካከል ትሰደዋለች። ጤነኛ ውሻ ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ቡቺ ላይ 8 ገባ።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ነገር ልናገር። ቡቺ ጥርሱ ይታጠብ ነበር። ጸጉሩን የሚያስተካክሉለት ቤት «ያለ ማደንዘዣ የጥርስ እጥበት» የሚባል አገልግሎት አለ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ከፍያለሁ። ጥርሱ ነጭ ሆኖ ይመለሳል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ማደንዘዣ እፈራ ነበር። ትንሽ ነው፣ ልቡ አይችልም እል ነበር። ግን ነቅቶ ያለ ውሻ ከድዱ በታች ብረት ሲገባበት ዝም አይልም። አፉን ከፍቶም ራጅ አይነሳም። ስለዚህ የሚፋቀው የሚታየው ብቻ ነው። የሚታየው ነጭ ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ መጠራጠር ያቆማል። ጉዳቱ ይህ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ጥርስ ሐኪሞች ኮሌጅ ይህን አሠራር ይቃወማል። እኔ ያወቅሁት ከረፈደ ነው።

ማደንዘዣ አደጋ የለውም አልልም። ግን ከመጀመሩ በፊት ደሙ ይመረመራል። ውሃና ፍርፋሪ ወደ ሳንባ እንዳይወርድ የአየር ቱቦው ውስጥ ቱቦ ይገባል። ልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱንና ኦክስጅኑን ከራሱ ሳትለይ የምትከታተል ሰው አለች። በጥርሱ አካባቢ ያለው ነርቭ ለብቻው ስለሚደነዝዝ ከባድ ማደንዘዣ መስጠት አያስፈልግም። እኔ ስፈራው የኖርኩትን ነገር በመጨረሻ ቡቺ የተሰበረ መንጋጋና በመግል የተሞላ አፍ ይዞ ወሰደው። በ4 ዓመቱ ቢሆን እንዴት በቀለለ።

ስለ ሕክምናው ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ያኔ በአማርኛ ፈልጌ ያጣሁት እሱን ነው።

የተሰበረ መንጋጋ ሲባል እኔ የታየኝ ብረትና ብሎን ነበር። ዶክተሯ ግን መጀመሪያ የጠቀሰችው አጥንቱን አይደለም። «ትልቁ ነገር ጥርሶቹ ሲገጥሙ ልክ መሆናቸው ነው» አለች። ጤነኛ ውሻ አፉን ሲዘጋ የታችኛው ክራንቻ ከላይኛው ክራንቻ ፊት ባለችው ክፍተት ገብቶ ይቀመጣል። መንጋጋው በራጅ ቢያምርም ክራንቻው እዚያ ካልገባ ውሻው አፉን መዝጋት አይችልም። ለዚህ ሲባል የማደንዘዣው ቱቦ በአፍ ሳይሆን በአንገት ጎን በኩል የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ አፉ ተዘግቶ እንዲታይ። ቡቺም አንገቱ ላይ ትንሽ ስፌት ነበረው።

ወጣት ውሻ በመኪና ተገጭቶ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር። ጤነኛ ጥርሶች ካሉ እነሱ ራሳቸው መያዣ ይሆናሉ። ሽቦ በጥርሶቹ ዙሪያ ይታሰራል፣ በላዩ የሚደነድን አክሪሊክ ይደረጋል። ውሻ ሲነክስ ስብራቱ የሚከፈተው በጥርሱ በኩል ስለሆነ ማሰሪያው እዚያው በጥርሱ በኩል ሲሆን ይጠነክራል። ብረትና ብሎን የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ግን በመንጋጋው ውስጥ የጥርስ ሥሮች አሉ፣ ነርቭና የደም ሥር የሚያልፍበት ቦይ አለ። ብሎኑ እነሱን መሳት አለበት። ሁለቱ የታች መንጋጋዎች አገጭ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ብቻ ሲላቀቅ ደግሞ ከክራንቻዎቹ ኋላ በሚዞር አንድ ሽቦ ሊስተካከል ይችላል።

ቡቺ ግን ስብራቱ አካባቢ ሽቦ የሚታሰርበት ጤነኛ ጥርስ አልነበረውም። ብሎን የሚይዝ አጥንትም የለውም። መግል ባለበት ደግሞ አጥንት አይገጥምም። ስለዚህ መጀመሪያ የታመሙት ጥርሶች ወጡ። 14 ጥርስ። የበሰበሰው ሥጋ ተጠረገ፣ ድዱ ተሰፋ። መንጋጋው በቴፕ አፍ ማሰሪያ እንዲያዝ ተደረገ።

የቴፕ ማሰሪያ ተራ ነገር ይመስላል። የሕክምና ቴፕ፣ የሚጣበቀው ወገን እርስ በርሱ ተገጥሞ፣ አንዱ ቀለበት አፍንጫውን ይዞራል፣ ሌላው ከጆሮው ኋላ ይታሰራል። አፉ ምላሱ እስኪወጣ ያህል ብቻ ይከፈታል። ከዚያ ከጠበቀ መላስ አይችልም። ከሰፋ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። ፊታቸው ድፍጥጥ ላሉ ውሾች አይሆንም። ደግሞ ውሻ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ስለሆነ አፉ ታስሮ መሮጥም ሙቀት ውስጥ መቆየትም አይችልም። ካስመለሰው ሊታፈን ይችላል። ለዚህም ነው ለ6 ሳምንት መቀስ ከአንገቴ ሳይወርድ የኖረው። ማታም ከትራሴ ሥር ነበረች።

ምግቡ በብሌንደር ተፈጭቶ እንደ አጥሚት ቀጥኖ ይቀርባል። ካልበላ በአንገቱ በኩል የምግብ ቱቦ እንደሚገባለት ተነግሮኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን አልነካም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እማዬ ከኩሽና ጠራችኝ። ከሳህኑ እየላሰ ነው።

«ትንሽ ሽሮ አቅጥኜ ልስጠው?» አለችኝ ከሰዓት በኋላ። ሽሮ ነጭ ሽንኩርት አለበት። ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ስነግራት ደነገጠች። ከዚያ ዶሮ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት መቀቀል ጀመረች። ዐቢይ ጾም ገብቷል። እሷ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፣ ለቡቺ ዶሮ ትቀቅላለች፣ ትፈጫለች፣ አፍንጫው ሥር ቴፑን የነካውን ምግብ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። ከዚያ እጇን ታጥባ ጸሎቷን ታደርሳለች። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ስትጸልይ ውሻው ከክፍሉ እንዲወጣ ትፈልግ ነበር።

አንድ ቀን አፉን እየጠረገች ሳለ፣ «ቦቢም እንዲህ ይሸት ነበር» አለች።

ቦቢ የልጅነታችን ውሻ ነው። ጉለሌ፣ ግቢያችን ውስጥ። ትልቅ፣ ቡናማ፣ ማንንም የማያስገባ። በየፋሲካው ቅልጥሙን እንወረውርለታለን። ሲሰብረው የሚሰማውን ድምፅ እንወድ ነበር። ከዓመታት በኋላ ከግራ ዓይኑ ሥር አበጠ። ንብ ነደፈው አልን። ፈንድቶ መግል ወጣ። አባዬ ለብ ባለ ውሃና ጨው ያጥብለት ነበር። ይደርቃል። ከወራት በኋላ ያው ቦታ እንደገና ያብጣል። ዓይኑን ነው የሚያመው ብለን ደመደምን። ቦቢ እስከ መጨረሻው ይበላ ነበር። ስለሚበላ ደህና ነው አልን።

ለቀጠሮ ስንሄድ ለዶክተሯ ነገርኳት። የላይኛውን ትልቁን ጥርስ በጣቷ አሳየችኝ። ሦስት ሥር አለው። የሥሮቹ ጫፍ የሚያርፈው ከዓይን በታች ነው። ውሻ አጥንት ወይም ድንጋይ ሲነክስ ከዚያ ጥርስ ላይ ገለባ እንደሚነሳ ስንጣሪ ይነሳል። ውስጡ ይጋለጣል። ኢንፌክሽኑ በሥሩ በኩል ይወጣና ከዓይን ሥር ይፈነዳል። ጥርሱ እስካልወጣ ወይም ሥሩ እስካልታከመ ድረስ እየዳነ ይመለሳል። ቦቢ ዓይኑን አልነበረም የሚያመው። ቅልጥሙን የሰጠነው እኛው ነን፣ በፍቅር።

ለእማዬ አልነግራትም ብዬ ነበር። መኪና ውስጥ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ መስኮቱን እያየች ቆየች። «አባትሽ ቢያውቅ ኖሮ አያሳድረውም ነበር» አለች።

ውሻ ሲበላ ማየት ያታልላል። ጥርሱ የታመመ ውሻ መብላቱን አያቆምም። በአንድ ጎን ያኝካል። ሳያኝክ ይውጣል። ቡቺ ገመድ መጎተት ካቆመ አንድ ዓመት አልፎት ነበር። ፊቱን ስዳብሰው ጭንቅላቱን ይሰርቅ ነበር። አርጅቶ ነው እል ነበር። ጥርሶቹ ከወጡ ከአንድ ወር በኋላ፣ ቴፑ ከነማሰሪያው አፉ ላይ እያለ፣ እንደ ቡችላ ኮሪደሩን ሊሮጥ ሲነሳ ማስቆም አቃተን።

ማሰሪያው የተፈታው ፋሲካ ሊገባ ሲል ነው። በ8ኛው ሳምንት ራጅ ተነሳ። አጥንቱ ሙሉ ለሙሉ አልገጠመም። መካከሉ ላይ ጅማት የመሰለ ጠንካራ ነገር ይዞታል። ዶክተሯ አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ይህን ያህል አጥንት ያለቀበት መንጋጋ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚይዘው። አይወዛወዝም፣ አያመውም፣ ክራንቻው ቦታው ገብቷል። ከእንግዲህ ለስላሳ ምግብ ብቻ ይበላል። ያወጣሁት ገንዘብ ከአንድ ወር የቤት ኪራይ ይበልጣል።

በቀሩት 28 ጥርሶች ላይ አልቀልድም። ማታ ማታ ለስላሳ የሕፃናት ብሩሽ፣ የውሻ የጥርስ ሳሙና። የሰው ሳሙና አይሆንም፤ ውሻ መትፋት አያውቅም፣ አንዳንዱ ሳሙና ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። አፉን መክፈት አያስፈልግም። ከንፈሩን በጎን ገልጦ የውጭውን ፊት፣ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበትን መስመር ማሸት ይበቃል። አንድ ደቂቃ አይሞላም። የለመደው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ ጣቴን፣ ከዚያ ጣቴ ላይ ሳሙናውን፣ ከዚያ ብሩሹን። በየቀኑ ቢሆን ነው የሚሻለው፣ በ2 እና በ3 ቀን መደንደን ይጀምራልና። የሚያኘከውን ነገር ደግሞ በጥፍሬ እጫነዋለሁ። ጥፍሬ ምልክት ካልተወበት ለጥርሱ ይከብዳል፤ አልሰጠውም። አጥንት ቤቴ አይገባም።

እማዬ በግንቦት ተመለሰች። ባለፈው ሳምንት ደወለች። ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ሄዳ ውሻቸው ቀሚሷ ሥር ተኝቶ ነበር። «አፉ እንደ ቡቺ ይሸታል» አለችኝ። «ምን ልበላቸው?»

«መጀመሪያ ተከትቦ እንደሆነ ጠይቂያቸው» አልኳት። «ከተከተበ ባለቤቱ ራሱ ከንፈሩን በጎን ይግለጠው። ድዱ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ጥርሱ ከተነቃነቀ፣ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።»

«እሺ፣ ቆይ ልጻፈው» አለች። እስክሪብቶ ስትፈልግ በስልኩ ይሰማኛል።